ስለ ሰውነት ስብ፤ ጮማና ቅቤ የበዛበት ምግብ መልእክቱን እንዴት እንደሚያውክ

በአገራችን አንድ ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ ወዳጁን ሲያገኘው «ወፈርህ፥ አማረብህ፥ አገሩ ተስማምቶሃል» ብሎ ማመስገኑ የቈየ ልማድ ነው። ይህም አባባል ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ድርቅና ረኃብ በተመላለሰበት አገር በሰውነቱ ላይ ጥቂት ስብ ያከማቸ ሰው ክፉውን ወራት ተሻግሮ ሲተርፍ፥ ያላከማቸው ግን ቀድሞ ሲወድቅ ታይቷልና ነው። ስለዚህ በስብ ላይ የጥላቻ ቃል ለመናገር አልተነሣሁም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ስብ በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ፥ ሥራውም ጮማ፥ ቅቤና ዘይት ያለ ልክ በበዛበት ምግብ እንዴት እንደሚበላሽ ለማስረዳት ነው።

በሬ ሲታረድ ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ ስብ በሁለት ስፍራ እንደሚገኝ ያውቃል። አንደኛው ከቆዳው ሥር ሥጋውን ሸፍኖ የሚገኘው ጮማ ነው፤ ሁለተኛው አንጀቱንና ሆድ ዕቃውን እንደ መረብ አልብሶ የተዘረጋው ሞራ ነው። በሰውም ሰውነት ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ከቆዳችን ሥር ጮማ፥ በሆዳችን ውስጥ ደግሞ ሞራ አለ። በቀድሞው ዘመን ሞራ ገላጮች የሚባሉ ሰዎች የታረደውን ከብት ሞራ ዘርግተው እያዩ የሚመጣውን ነገር እናነብበታለን ይሉ ነበር። እኛ የጤና ሠራተኞች በዚህ ዓይነቱ ንባብ አናምንም፤ ነገር ግን ሞራ የሚናገረው ነገር አለው መባሉ ራሱ፥ እነርሱ ባላሰቡት መንገድ፥ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ቀደም ባለው ጊዜ ስለ ስብ የነበረው ትምህርት አጭር ነበር። ስብ ማለት ጎተራ ነው ይባል ነበር፤ ይኸውም ሰው ከሚያስፈልገው በላይ የበላ እንደ ሆነ ትርፉ በስብ መልክ ይከማቻል፥ የጐደለበትም እንደ ሆነ ከዚያው እየተቀነሰ ይወጣለታል ማለት ነው። ይህ ትምህርት ሐሰት አይደለም። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ኀይል ሲሰጥ፥ አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በጥቂት ስፍራ ብዙ ስንቅ ለመያዝ ከስብ የተሻለ ነገር የለም። በሰውነቱ 10 ኪሎ ስብ የያዘ ሰው፥ ይህም ወፍራም የማይባል ሰው ነው፥ 90 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ያህል ተሸክሞ ይሄዳል፤ ለአንድ ቀን 2 ሺህ የሚበቃው ቢሆን፥ በቍጥር ብቻ ሲታሰብ ከ40 ቀን የሚበልጥ ስንቅ ነው። በዚያ ትምህርት ያልነበረው ነገር ግን ጎተራው አንደበት ያለው መሆኑ ነው። ሲሞላም ሲጐድልም ለአንጎል፥ ለጉበት፥ ለጡንቻና ለቆሽት ወሬ ይልካል።

ይህ ነገር የተገለጠው በአይጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1949 ዓ.ም. በአሜሪካ በሜይን ግዛት ባር ሃርበር በምትባል ከተማ በሚገኘው በጃክሰን ላቦራቶሪ ከሚረቡት አይጦች መካከል አንዳንዶቹ ያለ መጠን ሲበሉና ያለ መጠን ሲወፍሩ ታዩ። ክብደታቸው ከእኩዮቻቸው ክብደት እጅግ በለጠ። ከዓመታት በኋላ፥ በ1960ዎቹ፥ በዚያው ላቦራቶሪ ሌላ ወገን አይጥ ተገኘ፤ እርሱም እንደ ፊተኛው የሚበላና የሚወፍር ነበረ፥ በዚያ ላይ ደግሞ ብርቱ የስኳር በሽታ ነበረበት። ሁለቱን ወገኖች በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ዳግላስ ኮልማን የሚባል ሊቅ ግን ምክንያታቸው አንድ ይሁን ወይም ልዩ ልዩ ይሁን ለማወቅ ፈልጎ የሁለት ሁለት አይጦችን ጐን በስፌት እያጋጠመ የአንዱ ደም ወደ ሌላው እንዲተላለፍ አደረገ።

በዚህ ፈተና የታየው ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የፊተኛው ወገን ወፍራም አይጥ ከጤነኛ አይጥ ጋር በተገጠመ ጊዜ ወፍራሙ መብሉን ቀነሰ። ከጤነኛው ደም ውስጥ «በቃህ» የሚል አንድ ነገር ወደ እርሱ መጣ ማለት ነው። የኋለኛው ወገን አይጥ ከጤነኛ ጋር በተገጠመ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ወፍራሙ እንደ ወትሮው ሲበላ፥ ጤነኛው መብል ፊቱ ተቀምጦ ሳለ መብላቱን ትቶ በረኃብ ሞተ። ሁለቱ ወፍራሞች እርስ በርሳቸው በተገጠሙም ጊዜ የሞተው የፊተኛው ወገን ነበረ። ኮልማን ከዚህ በመነሣት በ1973 ዓ.ም. እንዲህ ሲል ፈረደ፤ የፊተኛው አይጥ «በቃህ» የሚለውን መልእክት መሥራት አይችልም፥ ቢመጣለት ግን ይሰማል፤ የኋለኛው መልእክቱን አብዝቶ ይሠራል፥ ነገር ግን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። አንዱ ዲዳ ነው፥ ሌላው ደንቈሮ ነው እንደ ማለት ነው።

መልእክቱ ራሱ ምን እንደ ሆነና ከየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ 20 ዓመት ያህል አለፈ። በ1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ የጐደለውን ጂን፥ ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር ትእዛዝ አገኙት። መልእክቱ የሚሠራው በአንጎል ወይም በሆድ ሳይሆን በስቡ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ስሙም ሌፕቲን ተባለ፤ ቃሉ «ቀጭን» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ጎተራ ተብሎ የተናቀው ስብ ከዚያ ወዲህ ከዕጢዎች ጋር ሊቈጠር ጀመረ።

በሰው ላይም እውነትነቱ ታይቷል። በ1999 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ሌፕቲን ከቶ የማይሠራ ሰውነት ይዛ ስለ ተወለደች አንዲት ሕፃን ጻፉ። ዕድሜዋ 9 ዓመት ሲሆን ክብደቷ 94 ኪሎ ነበር፤ መብል ካልተሰጣት የማታርፍ ነበረች። ሌፕቲን በየቀኑ በመርፌ ሲሰጣት የምግብ ፍላጎቷ ተገታ፥ በአንድ ዓመትም 16 ኪሎ ቀነሰች። ይህን ያየ ሁሉ የውፍረት መድኃኒት ተገኘ ብሎ ደስ አለው። ደስታው ግን አልቈየም። ከላይ እንደ ተባለችው ሕፃን ያለ ሰው በዓለም እጅግ ጥቂት ነው፤ ተራው ወፍራም ሰው ደሙ ቢመረመር ሌፕቲን ጐድሎት ሳይሆን ተትረፍርፎ ይገኛል። መልእክቱ ሌት ተቀን ይላካል፥ አንጎል ግን አይሰማውም። በወፍጮ ቤት የሚውል ሠራተኛ የወፍጮውን ድምፅ እንደማይሰማው ያለ ነው፤ ጆሮው ታሞ አይደለም፥ ድምፁ አላቋርጥ ስላለው ነው። ስብ የበዛበት መኖ እየተሰጣቸው በሰነበቱ አይጦችም ይህ ሁኔታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታያል፤ በዘራቸው ምንም ጕድለት ሳይኖር ምግቡ ብቻ እንደዚያ እንደ ደንቈሮው አይጥ ያደርጋቸዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስብ ስለሚልከው መልእክት ነው። ስብ ደግሞ መልእክት ይቀበላል፤ ከሚቀበላቸውም ዋናው ቆሽት የሚልከው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን በ1921 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በባንቲንግና በቤስት እጅ ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው ለስኳር በሽተኞች በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑን ብቻ ነው። ሥራው ግን የትእዛዝ ሥራ ነው። ምግብ በልተን ስኳር በደማችን ሲበዛ ኢንሱሊን ወደ ስቡ ሕዋስ ደርሶ ሁለት ነገር ያዝዛል፤ አንደኛው «ስኳሩን አስገባ» ነው፥ ሁለተኛው «ያከማቸኸውን ስብ ለጊዜው ወደ ደም አትልቀቅ» ነው። በቀድሞው አስተዳደር ትእዛዝ ከአውራጃ ገዥ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ጭቃ ሹም፥ ከጭቃ ሹም ወደ ባላገሩ ይደርስ እንደ ነበረ፥ የኢንሱሊንም ቃል በሕዋሱ በር ላይ ካለው ተቀባይ ጀምሮ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው እየተቀባበለ እስከ ውስጥ ይደርሳል። ከመካከል አንዱ ጭቃ ሹም ሥራውን ቢከለከል ገዥው የቱንም ያህል ቢጮኽ ባላገሩ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም።

እንግዲህ ጮማ የበዛበት ምግብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? በመጀመሪያ ስብ ሳይታወቅ የሚበላ ምግብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ይመዝናል፥ የሚሰጠውም 120 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ወጥ የሠራች እመቤት ከድስቱ ላይ ሦስት ማንኪያ ብትጨምር በላተኛው ጣዕሙን ያመሰግናል እንጂ የበዛ ምግብ በላሁ አይልም። በሁለተኛው፥ ከምግብ የመጣ ስብ በሰውነት ስብ ሆኖ ለመከማቸት ብዙ መለወጥ አያስፈልገውም፤ ስኳርና እህል ስብ እስኪሆኑ ድረስ ከኀይላቸው አንድ ክፍል በሥራው ላይ ይጠፋል፥ ስብ ግን ሳይጐድል ይገባል ለማለት ይቻላል።

የሚገባውም ወደ ነበሩት ሕዋሳት ነው። የስዊድን ሊቃውንት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአቶም ቦምብ ሲሞከር በአየር ላይ የተበተነውን ልዩ ካርቦን በሰው ስብ ውስጥ እየለኩ የስብ ሕዋሳትን ዕድሜ አወቁ፤ በ1008 ገጽ እንኳ ተጽፎ ቢሆን የማይታመን የሚመስለው ይህ ምርመራ የተገለጠው በ2008 ዓ.ም. ነው። ያገኙትም የስብ ሕዋሳት ቍጥር በሕፃንነትና በጕርምስና ተወስኖ፥ ሰው ካደገ በኋላ በየዓመቱ ከመቶው 10 ያህሉ እየሞቱ በአዲስ ቢተኩም ጠቅላላው ቍጥር የማይለወጥ መሆኑን ነው። እንግዲያስ አዋቂ ሰው ሲወፍር በአብዛኛው የሚሆነው አዲስ ጎተራ መሥራት አይደለም፤ ያሉት ጎተራዎች መወጠራቸው ነው።

የተወጠረ ሕዋስ ስፋቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያልፋል። ይህ ለዓይን ምንም ነው፥ ለሕዋስ ግን ብዙ ነው፤ ከደም ሥር የሚወጣው ኦክሲጅን ዘልቆ የሚደርሰው ወደዚያ ልክ ያህል ብቻ ነውና አንዳንድ ሊቃውንት የጭንቀቱ መነሻ ይህ የአየር እጥረት ነው ይላሉ። መነሻው ምንም ይሁን፥ የተጨነቀው ሕዋስ የችግር ጩኸት ማሰማት ይጀምራል፥ አንዳንዱም ይፈነዳና ይሞታል። ወዲያው ነጭ የደም ሕዋሳት፥ የሰውነታችን ዘበኞች፥ ሬሳውን ለማንሣት ይመጣሉ። በቀጭን ሰውነት ስብ ውስጥ እነዚህ ዘበኞች ከመቶ 10 አይሞሉም፤ በ2003 ዓ.ም. በተገለጠው ምርመራ ግን በጣም በወፈሩ ሰዎች ስብ ውስጥ ከመቶ 40 ወደሚያህል እንደሚደርሱ ታወቀ። የሞተውን ሕዋስ ዙሪያውን ከብበው ሲቆሙ በማይክሮስኮፕ እንደ አክሊል ሆነው ይታያሉ። እኔ በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየኋቸው ጊዜ የመስተዋቱ እድፍ መስለውኝ ሁለት ጊዜ ጠርጌ ነበር፤ እድፉ በመስተዋቱ ላይ ሳይሆን በስቡ ውስጥ እንደ ነበረ መምህሬ አስረዳኝ።

የእነዚህ ዘበኞች መምጣት ለጥቂት ቀን ቢሆን ጥቅም ነው፤ ቍስል ተቈጥቶና አብጦ እንደሚድን ማለት ነው። የሚጐዳው ነገር አለመሄዳቸው ነው። ምግቡ በየቀኑ እየገባ ሕዋሱ በየቀኑ ስለሚወጠር፥ ዘበኞቹ ሰፈሩን ቤታቸው አድርገው ይቀመጣሉ፥ የጠብ ቅመም ማፍሰሳቸውንም አይተዉም። ሥቃይ የለውም፥ ትኩሳት የለውም፥ ባለቤቱም አያውቀውም፤ ነገር ግን ለዓመታት የማይበርድ ብግነት ነው። በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን የተመራመሩ ሊቃውንት ከእነዚህ ቅመሞች አንዱን፥ ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋ የሚባለውን፥ በወፍራም አይጦች ስብ ውስጥ አግኝተው ቅመሙ እንዳይሠራ በከለከሉት ጊዜ የኢንሱሊን ትእዛዝ እንደ ገና ተሰማ። ቅመሙ ከላይ ያልነውን ጭቃ ሹም ሥራ የሚያስፈታ ነው። ሆኖም በሰው ላይ ይህን አንድ ቅመም መከልከል ብቻውን የስኳር በሽታን አላዳነም፤ የሚያውከው አንድ አይደለምና።

በዚሁ ጊዜ አንድ መልካም መልእክት ይጐድላል። በ1995 ዓ.ም. የታወቀ አዲፖኔክቲን የሚባል ሆርሞን ከስብ ብቻ ይወጣል፤ ጉበትና ጡንቻ የኢንሱሊንን ቃል ፈጥነው እንዲሰሙ ያደርጋል። ይህ ሆርሞን ስብ ሲበዛ አብሮ ይበዛል ብሎ መገመት ተገቢ ነበር፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፥ ሰው በወፈረ መጠን በደሙ ውስጥ ያንሳል። የተወጠረው ጎተራ መጥፎውን ወሬ አብዝቶ ይናገራል፥ መልካሙን ግን ይሸሽጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው። «ስቡን አትልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ ስላልተሰማ ስቡ ምግብ በተበላበት ሰዓት እንኳ ወደ ደም ይፈስሳል። ከሞራው የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት የሚገባ ስለ ሆነ ጉበት የመጀመሪያው ተጐጂ ነው፤ በስብ ይሞላል። ጡንቻም ቦታው ያልሆነ ስብ በውስጡ ይቀመጥበታል። እነርሱም በተራቸው ኢንሱሊንን መስማት ይተዋሉ። ቆሽት ትእዛዙ ያልተፈጸመለት ገዥ ነውና ድምፁን ከፍ ያደርጋል፥ ሁለት እጥፍ ሦስት እጥፍ ኢንሱሊን ይልካል፤ በዚህ ጥረቱ ለብዙ ዓመታት የደሙን ስኳር በልኩ ያቈየዋል። ሰውየው በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጤነኛ ነኝ ይላል። ቆሽቱ የደከመ ዕለት ግን ስኳሩ ይወጣል፤ ሰውየውም በሽታው ያን ዕለት የጀመረው ይመስለዋል።

የማርሴይ ከተማው ሐኪም ዣን ቫግ በ1947 ዓ.ም. ስለ ሞራና ስለ ጮማ ልዩነት ሲጽፍ ከዚህ ሁሉ አንዳች አያውቅም ነበር፤ በዓይኑና በመለኪያው ብቻ በሆድና በላይኛው አካል የሚወፍሩት ለስኳር በሽታ እንደሚቀርቡ፥ በዳሌና በጭን የሚወፍሩት ግን እንደማይቀርቡ አስተዋለ። ዳሌ ላይ ያለው ጮማ ትርፉን አምቆ ይይዛል፥ ሞራው ግን በቀላሉ ያፈስሰዋል። በመንገድ ላይ የዳሌዋ ስፋት የሚነገርባት ሴት ቦርጫም ባሏን ይዛ ወደ ሐኪም ብትሄድ፥ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ የሚያሳስበው ባሏ ነው።

ጥፋቱ የስብ መኖር አለመሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳ ሌላ ምስክር አለ። ስብ የማያበቅል ሰውነት ይዘው የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ከቆዳቸው በታች ጡንቻቸው እንደ ተቀረጸ ይታያል። የሰማ ሰው እነዚህስ ከስኳር በሽታ የዳኑ ናቸው ይል ይሆናል። እውነቱ ግን እጅግ የከፋ የስኳር በሽታና በስብ ያበጠ ጉበት የሚያገኛቸው መሆናቸው ነው፤ የበሉት ትርፍ የሚገባበት ጎተራ ስለሌለው በጉበት ላይ ይፈስሳልና። እንደዚህ ላሉ አይጦች በ2000 ዓ.ም. በተደረገ ፈተና ከጤነኛ አይጥ ስብ ተወስዶ ከቆዳቸው ሥር ቢተከልላቸው የስኳር በሽታቸው ዳነ። ስብ አዳናቸው። ከጎተራ መጥበብና ከጎተራ መሞላት የሚመጣው ጕዳት አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህም ለእኛ ሰዎች በተለይ የሚነካ ነገር ነው። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የገቡት ኢትዮጵያውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር፤ ኑሮና ምግብ ከተለወጠ በኋላ ግን በሽታው በፍጥነት በዛባቸው፥ ያውም ብዙ ጊዜ ወፍራም ሊባሉ በማይችሉ ሰዎች ላይ ሆኖ ተገኘ። የሰው ሁሉ ጎተራ ስፋቱ እኩል አይደለም፤ ጠባብ ጎተራ የተሰጠው ሰው ሌላው በማይታመምበት ክብደት ይታመማል። «እኔ ቀጭን ነኝ፥ ጮማው አይጐዳኝም» የሚል ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ስብ ዓይነት ጥቂት እንበል። በስዊድን በኡፕሳላ ከተማ በ2014 ዓ.ም. የተገለጠ ፈተና ነበር፤ 39 ጤነኛ ወጣቶች ለ7 ሳምንት ከወትሮ ምግባቸው በላይ ትንንሽ ኬክ እንዲበሉ ተደረገ። የእኩሌቶቹ ኬክ በፓልም ዘይት፥ የቀሩት ደግሞ በሱፍ አበባ ዘይት የተጋገረ ነበረ። ሁለቱም ወገኖች 1.6 ኪሎ ያህል እኩል ጨመሩ። ውስጣቸው በመሣሪያ ሲታይ ግን እኩል አልነበረም፤ የፓልም ዘይት የበሉት በጉበታቸውና በሆዳቸው ውስጥ የበለጠ ስብ አከማችተዋል። ፓልም ዘይት ከስቡ እኩሌታ ያህሉ የሚረጋ ወገን ነው፥ ቅቤም ከዚያ ይበልጣል፤ የኑግና የሱፍ ዘይት ግን የሚረጋው ወገን ከአምስት እጅ አንድ እጅ አይሞላም። ስለዚህ በብርድ ቀን በጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋውን ዘይት የገዛ ሰው ምን እንደ ገዛ ይወቅ። አያቶቻችን ኑግ ጨምቀው መብላታቸው ከድህነት ብቻ የመጣ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፥ ንቀቱን ቢያቈየው ይሻለዋል። ሆኖም ኑግም ቢሆን ካሎሪው ከቅቤ አያንስም።

ደግሞ ነገሩን ከልክ እንዳላሳልፈው እፈራለሁ። በላቦራቶሪ ለአይጥ የሚሰጠው ስብ የበዛበት መኖ ብዙ ጊዜ ከካሎሪው ከመቶ 60 የሚሆነው ስብ ነው፤ ይህን ያህል ዘወትር የሚበላ ሰው ጥቂት ነው። ሰው አይጥ ባለመሆኑም በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ላይ አልተፈጸመም። ስኳርና ለስላሳ መጠጥ፥ እንጀራና ዳቦም ከልክ ካለፉ መድረሻቸው ያው ጎተራ ነው። ጮማን ለይቼ የጻፍኩት በጥቂት ጕርሻ ብዙ ስለሚያስገባና የእኛ ክብር ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሆነ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቅቤው ካልተንሳፈፈ ወጡ እንዳልተሠራ ይቈጠራል፤ በላተኛው «በቃኝ» ሲል ባለቤቱ «በሞቴ» እያለ ሌላ ጕርሻ ያቀርባል። ሌፕቲን በገዛ አካላችን ውስጥ የሚለውን «በቃህ» በአንደበታችን እናሸንፈዋለን ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከቅቤ የሚከለከለው ጾም ለዚህ ሥርዓት ዕረፍት ሊሰጠው በተገባ ነበር፤ ነገር ግን በከተማ የጾም ሽሮ በዘይት ሲዋኝ እናያለን፥ በፋሲካም ማግሥት የሁለት ወር ጮማ በሳምንት ይበላል።

የታወከ መልእክት ተመልሶ ይሰማል። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የተገለጠ ትልቅ ምርመራ ነበር፤ የደም ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ 3,234 ሰዎች ተመርጠው፥ አንደኛው ወገን ስብና ጠቅላላ ምግቡን እየቀነሰ ከክብደቱ ከመቶ 7 ያህል እንዲያጐድል፥ በሳምንትም 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ተደረገ። በዚህ ወገን የስኳር በሽታ የያዛቸው ምንም ካልታከሙት ይልቅ ከመቶ 58 ያነሱ ሆኑ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከመቶ 7 ማለት 5 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ይህን ያህል የቀነሰ ሰው በመስተዋት ፊት ብዙ ለውጥ አያይም፤ ጉበቱና ሞራው ግን ቀድመው ይቀልላቸዋል። መራመድም የራሱ ጥበብ አለው፤ የሚሠራ ጡንቻ የኢንሱሊንን ትእዛዝ ሳይጠብቅ በሩን ከፍቶ ስኳር ያስገባልና፥ ጭቃ ሹሙ ሥራ ፈትቶ ሳለ ባላገሩ በራሱ እንደ ማረስ ነው።

ሚዛን በየቤቱ ስለማይገኝ አንድ ቀላል መለኪያ ልንገራችሁ። የማይለጠጥ ገመድ ወስዳችሁ ከራሳችሁ ጫፍ እስከ ተረከዛችሁ ቁመታችሁን ለኩበት፥ በዚያው ልክ ቍረጡት፥ ከዚያም እኩል ለእኩል እጠፉት። የታጠፈውን ገመድ ሆዳችሁን ሳትስቡ፥ ትንፋሽ አውጥታችሁ፥ በእምብርታችሁ ትክክል በወገባችሁ ዙሩበት። ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙ መልካም ነው። ያልተገናኙለት ሰው፥ ወፍራም ቢባልም ቀጭን ቢባልም፥ ማታ ከበላ በኋላ ሳይቀምስ አድሮ በማለዳ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር። በባዶ ሆድ የተገኘው ስኳር በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው። ከ100 እስከ 125 ባለው መካከል የተገኘ ሰው ገና ጊዜ ያለው ነውና፥ ገመዱን ሳይጥል በቤቱ ያስቀምጠው፤ ከሦስት ወር በኋላ መልሶ ይለካበታል።